እህል የሌለበት፣ ስኳሩ ያነሰ ማዕድ፦ ንጹሑን እንዴት እንለይ? (ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ አቃቂ አካባቢ)

ሦስተኛ ፎቅ ጠየቀ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነን። ለ63 ዓመት እናታችን (ዓይነት 2 ስኳር አለባት) እህል የሌለበትና ስኳሩ ያነሰ አመጋገብ ለ3 ወር ልናስጀምራት ነው። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ አጃ ይወጣሉ። የሚገቡት ቆጮ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ እንቁላል፣ አይብ፣ ቅቤ፣ ጎመን፣ ቆስጣ፣ አቮካዶ ናቸው፤ በስኳር ፈንታ ደግሞ ማር።

የከበደን ንጽሕናው ነው። ቅቤው ውስጥ ሙዝ፣ በርበሬው ውስጥ ሸክላ አለ ይባላል፤ ሽሮው ደግሞ ከምን እንደተፈጨ ሻጩም አያውቅም። ጎመኑ ከአቃቂ ወንዝ ዳር የመጣ ነው የሚሉም አሉ። ከጉሊትና ከቅዳሜ ገበያ ስንሸምት በዓይን፣ በእጅ ወይም ቤት ባለ ዕቃ የሚለይበትን መንገድ በልኩ ንገሩን። ላቦራቶሪ ውሰዱ የሚል መልስ አይጠቅመንም። ጾምም አታስታጉልም፣ እሱንም አስቡበት።

ሚዛን መለሰ፦

ባዕድ ነገሩን ሌሎች ይመልሱላችኋል፤ እኔ መጀመሪያ ዝርዝሩን ላርም። እህል መተውና ስኳር መቀነስ አንድ አይደሉም። ቆጮን ተመልከቱት፦ እህል አይደለም፣ የእንሰት ነው፤ ግን ውሃው ሲወጣለት የሚቀረው ከሞላ ጎደል ስታርች (ሆድ ውስጥ ወደ ስኳር የሚለወጠው) ነው። ቡላ ደግሞ ያው ስታርች ተጣርቶ ለብቻው የወጣ ነው። እንጀራን በቆጮ ብትተኩ እህሉ ይወጣል፣ የደም ስኳሩ ግን ባለበት ይቆያል። ድንች፣ ስኳር ድንችና ጎደሬም እንደዚያው ናቸው፤ የተቀቀለ ድንች በ100 ግራም 20 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለው። ክትፎ ቤት ብትገቡ ቆጮውን በጎመን አስቀይሩት።

ማሩን ከዝርዝሩ አውጡት። 100 ግራም ማር ውስጥ 80 ግራም ያህሉ ስኳር ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 21 ግራም ይመዝናል፣ 17 ግራሙ ስኳር ነው። የጫካ ማር ነው ወይስ ስኳር የተቀላቀለበት የሚለው ክርክር ለኪስና ለጣዕም እንጂ ለእናታችሁ ደም ብዙም ለውጥ የለውም። ጁስ ቤቱም እንዲሁ ይቅር፤ ፓፓያውንና ማንጎውን ሽሮፕ ጨምረው ባይፈጩት እንኳ ሦስት ሰው የሚበላውን ፍሬ በአንድ ብርጭቆ ነው የሚያጠጡት። አቮካዶ ግን በ100 ግራም 8 ተኩል ግራም ካርቦሃይድሬት አለው፤ ከዚያ ውስጥ 6 ተኩል ግራም ያህሉ ፋይበር (ወደ ስኳር የማይለወጥ ቃጫ) ስለሆነ እንደ ልባችሁ ብሉት። ዘይቱንም ከሌላው ፍሬ ይሻላል።

ጥራጥሬ ላይ ሰው ይጣላል። በኛ አፍ ሽምብራውም ጤፉም እህል ነው። ከውጭ የመጣው አመጋገብ ግን በዋናነት የሚያስወጣው ብርዕና አገዳ እህሉን ነው፤ ጥብቅ የሚባለው ዓይነት ብቻ ጥራጥሬንም ይከለክላል። ጾም ለሚጾም ሰው ጥራጥሬን ማስወጣት ማስራብ ነው፣ ስለዚህ በልክ ይቆይ ባይ ነኝ። ለአንድ ሰው ወጥ የሚበቃ 50 ግራም የሽሮ ዱቄት ውስጥ 29 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት አለ። የተቀቀለ ምስር በ100 ግራም 20 ግራም አለው፣ 8 ግራሙ ፋይበር ነው። በቀን አንድ ጊዜ፣ ከሁለቱ አንዱ፣ ከሰሃኑ ሩብ ባልበለጠ። የቀረውን ጎመኑ ይሙላው።

ንጥር መለሰ፦

ቅቤውን ለእኔ ተዉት።

ለጋ ግዙ። የበሳል ቅቤ ሽታ ጠንካራ ስለሆነ ብዙ ጉድ ይሸፍናል። ትንሽ ቆርሳችሁ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት እሹት፦ ንጹሑ ወዲያው ቀልጦ ቅባት ብቻ ይተዋል፤ ድንች ወይም ዱቄት ያለበት ቅባቱ ሲሄድ ጣት ላይ ሊጥ መሳይ ነገር ያስቀራል። ኪሎውን ከመሸመታችሁ በፊት 100 ግራም ወደ ቤት ውሰዱ። በትንሽ ድስት፣ በዝቅተኛ እሳት አቅልጡት። መጀመሪያ አረፋ ያወጣል፣ ከዚያ ውሃው እየወጣ ይንጣጣል፣ መንጣጣቱ ሲያቆም ቅባቱ ጥርት ይላል። ከታች ስስ ዝቃጭ መኖሩ የወተቱ ነው፣ አትፍሩት። ዝቃጩ እንደ ገንፎ ከወፈረና ከድስቱ ጋር ከተጣበቀ ግን ችግር አለ።

እዚህ ላይ አዮዲን ይረዳል፤ ከመድኃኒት ቤት ለቁስል የሚሸጠው ይበቃል። ዝቃጩን በነጭ ሲኒ ማስቀመጫ ላይ አውጡ፣ በደንብ ይቀዝቅዝ፣ አንድ ጠብታ አንጠብጥቡ። ቢጫ ወይም ቡናማ ሆኖ ከቀረ ስታርች የለም፤ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ከተለወጠ ዱቄት፣ ድንች ወይም ጥሬ ሙዝ ገብቶበታል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በትኩሱ ስለሚያንጠባጥብ ነው፦ ሙቀት ቀለሙን ያጠፋዋል፣ ንጹሕ ነው ብሎም ይገዛዋል። የበሰለ ሙዝ ስታርቹ ወደ ስኳር ስለተለወጠ አዮዲኑ ላያጋልጠው ይችላል፤ እሱን የሚያሳብቀው ዝቃጩ ቶሎ መጥቆሩና የተቃጠለ ስኳር መሽተቱ ነው።

ከሁሉ የከፋው የሚረጋው የአትክልት ዘይት ነው። ከቅቤ ጋር በተቀራረበ ሙቀት ስለሚቀልጥ አዮዲንም፣ ጣትም፣ ፍሪጅም አይለዩትም፤ በዩቲዩብ የምታዩትን ሁሉ አትመኑ። መፍትሔው ላሟን የምታውቁትን ሻጭ መያዝ ነው፤ ሱሉልታና ሰንዳፋ በኩል ዘመድ ያለው ሰው እዚህ ላይ ይጠቀማል። አለበለዚያ ወተት ገዝታችሁ እርጎውን ራሳችሁ ናጡ፣ 10 ሊትር ወተት 400 ግራም ገደማ ቅቤ ይወጣዋል። ስታነጥሩም ሚዛን ይኑራችሁ፦ 1 ኪሎ ጥሩ ለጋ ቅቤ ተነጥሮ ከ750 እስከ 800 ግራም ይሆናል። ከ700 በታች ከወረደ በቅቤ ዋጋ ውሃ ሸምታችኋል ማለት ነው።

ስለ ወተት አንድ ነገር ልጨምር፣ እናንተ ሰፈር በደንብ ይመለከታችኋል። በአውሮፓውያን 2016 የታተመ ጥናት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ 110 የወተት ናሙና መርምሮ፣ የአውሮፓን የአፍላቶክሲን (የሻጋታ መርዝ) ወሰን (በሊትር 0.05 ማይክሮ ግራም) ያላለፉት 9ኙ ብቻ ነበሩ። ምንጩ ላሞቹ የሚበሉት የሻገተ መኖ ነው፣ በተለይ የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ከወጣ በኋላ የሚቀረው)። ማፍላት አያጠፋውም። የወተቱ ፕሮቲን ላይ ስለሚጣበቅ ወደ አይቡ ይከማቻል፣ ወደ ቅቤው የሚሄደው ጥቂት ነው። ስለዚህ ወተት ሻጩን ስለ ውሃ ብቻ አትጠይቁት፤ ፋጉሎውን የት እንደሚያስቀምጥ፣ ከመሬት ከፍ አድርጎ እንደሆነ፣ ክረምት ላይ እርጥበት እንደሚያገኘው ጠይቁት። ጥያቄውን የሚሰለች ሻጭ መልሱን ነገራችሁ። በዚህም በዚያም አይብ በየቀኑ ዋና ምግብ ባይሆን እመርጣለሁ፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ይበቃል። ለስኳሩ በኩል ደግሞ፣ አንድ ብርጭቆ ወተት (250 ሚሊ ሊትር) 12 ግራም የወተት ስኳር ስላለው በልክ ይሁን።

ዛላ መለሰ፦

የኔ ደንብ አጭር ነው፦ ሌላ ሰው የፈጨውን አትግዙ። ፍሬውን ታዩታላችሁ፣ ዱቄቱን ታምኑታላችሁ።

በርበሬ በዛላው ግዙ። ዛላውን ስትሰብሩት ደርቆ ቀጭ የሚል ይሁን፤ እንደ ቆዳ የሚተጣጠፍ ከሆነ ሚዛን እንዲደፋ ውሃ ተርከፍክፎበታል፣ በሳምንት ውስጥም ይሻግታል። ከየከረጢቱ አምስት ስድስት ዛላ መርጣችሁ በቁመቱ ክፈቱ። ፍሬው አካባቢ ነጭ ወይም አረንጓዴ ጥቁር አቧራ ካለ ተዉት፤ ላዩ ቀይና አንጸባራቂ ሆኖ ሆዱ የሻገተ ብዙ ነው። ቤት ስትቀነጥሱም የሻገተውን መጣል እንጂ ሻጋታውን አራግፎ መጠቀም የለም። የተፈጨ ገዝታችሁ ከሆነ አንድ የሻይ ማንኪያ በንጹሕ ብርጭቆ ውሃ ላይ በትኑ። የሸክላ ዱቄት ቶሎ ሰጥሞ ከታች ይቀመጣል፣ በጥፍር ሲነካ ይንኳኳል። የበርበሬ ቀለም በዘይት እንጂ በውሃ ስለማይሟሟ ውሃው ወዲያው ደም ከመሰለም ቀለም ተጨምሮበታል። በዘይት የሚሟሟ ቀለም ከሆነ ግን በዚህ አይያዝም።

ሽሮ ላይ ከሸክላም ከጄሶም በላይ የማስጠነቅቃችሁ ጓያ ነው። ዋጋው ስለሚረክስ ከሽምብራና ከአተር ጋር ይቀላቀላል፤ ከተከካና ከተፈጨ በኋላ ባለሙያም አይለየውም። እንጀራ የሚበላ ሰው በሳምንት ሁለት ጊዜ ሽሮ ቢበላ አንድ ነገር ነው። እናታችሁ ግን ለ3 ወር እህሉን ትተው ጥራጥሬ ላይ ሊያተኩሩ ነው፤ ጓያ ደግሞ የምግቡ ዋና ክፍል ሆኖ ለወራት ሲበላ እግርን ሽባ ያደርጋል፣ አይመለስም። ስለዚህ ሽምብራውን በፍሬው ሸምቱ፦ ሽምብራ ክብ ሆኖ ጫፉ ላይ እንደ ምንቃር ሹል አለው፤ አተር ድቡልቡል ነው፤ ጓያ ማዕዘን አለው፣ በመጥረቢያ የተጠረበ ይመስላል፣ ግራጫና ነጠብጣብ ያለበት ነው። በሰፌድ ላይ ዘርግታችሁ ልቀሙት፣ ከ1 ኪሎ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ወፍጮ ቤት ስትሄዱ ሰዓት ምረጡ። ከእናንተ በፊት ስንዴ የተፈጨበት ከሆነ መጀመሪያ የሚወጣው ግማሽ ኪሎ የሱ ነው፤ ለብቻው ተቀብላችሁ ለቤቱ ሌላ ሰው አውሉት። እህሉን የተዉት ለስኳር ከሆነ ይሄ ያን ያህል አያስጨንቅም። ስንዴ ጨርሶ የማይስማማው ሰው ካለ ግን በወፍጮ ቤት አትመኑ፣ በቤት የቡና መፍጫ በትንሽ በትንሹ ፍጩ።

ሦስተኛ ፎቅ፦

እግዚአብሔር ይስጥልን። የጓያውን ነገር ጨርሶ አላሰብነውም። ሁለት ነገር ቀረን፦ ጎመኑ፣ እና ያለ እንጀራ ወጡ በምን እንደሚበላ። መድኃኒቷ ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላሚድ ነው፣ እሱ ላይ ለውጥ የለም። ጾሙን እስከ 9 ሰዓት ነው የምታውለው።

አባ ሳሙኤል ማዶ መለሰ፦

ጎመን። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ከተማውን አቋርጠው የቆዳ ፋብሪካውን፣ የጋራዡን፣ የቤቱን ፍሳሽ ይዘው አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ፤ በመንገዳቸው ደግሞ አትክልት ይጠጣቸዋል። በዚህ ውሃ በለማ ቅጠላ ቅጠል ላይ ክሮሚየም፣ ካድሚየምና እርሳስ እንደሚገኝ በተደጋጋሚ ተመርምሮ ታይቷል። ሁለቱን ችግር ለዩ። ጀርምና የጥገኛ ትል እንቁላል ከላይ ነው ያለው፣ ይታጠባል፣ ይበስላል። ብረቱ ግን በሥሩ ገብቶ ቅጠሉ ውስጥ ነው፤ አቼቶም፣ በረኪናም፣ መቀቀልም አያወጡትም። ቅጠሉ የሚበላ ተክል (ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ ጎመን) የበለጠ ይሰበስባል፤ ፍሬው የሚበላው፣ እንደ ቲማቲምና ቃሪያ ያለው፣ ያነሰ። እህል ትታችሁ ሰሃኑን በጎመን ስትሞሉት የቅጠሉ ምንጭ ከወትሮው የበለጠ ያሳስባል።

በዓይን አይለይም፤ እንዲያውም የወንዙ ጎመን ወፍራምና ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ያምራል። ሻጯን «ከየት ነው?» ብቻ ብላችሁ አትጠይቁ፣ «ከገጠር ነው» ትላችኋለች። በጋ ላይ፣ ጥርና የካቲት፣ ዝናብ በሌለበት በየቀኑ ትኩስ ቅጠል የምታመጣ ከሆነ በመስኖ ነው፤ ያኔ የምን ውሃ እንደሆነ ጠይቁ። የጉድጓድ ውሃ የሚጠቀም አልሚ ደስ ብሎት ያሳያል።

ከዚህ ሁሉ ግን በረንዳችሁ ላይ ሦስት የማዳበሪያ ከረጢት አቁሙ። ከወንዝ ዳር ያልመጣ አፈር ሁለት እጅ፣ የበሰለ ፍግ አንድ እጅ፣ ከታች ጠጠር። የሐበሻ ጎመን በየከረጢቱ ሦስት ሥር፣ በቧንቧ ውሃ። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ከታች ካለው ቅጠል መልቀም ትጀምራላችሁ፤ ጫፉን አትቁረጡት እንጂ ለወራት ይሰጣል። ሰው የሚያበላሸው ትኩስ ፍግ ጨምሮ ሥሩን በማቃጠልና ከረጢቱን ከታች ሳይበሳ በማስቀመጥ ነው።

የገዛችሁትን ቅጠል አንድ በአንድ በሚፈስ ውሃ እያሻችሁ እጠቡ። ጥሬውን የምትበሉት ከሆነ በ1 ሊትር ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሽታ የሌለው በረኪና (5 በመቶው)፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፣ ከዚያ በሚጠጣ ውሃ ማለቅለቅ። የወስፋት እንቁላል ግን በረኪናም አቼቶም አይበግሩትም፤ እሱን የሚያስለቅቀው ማሸቱ፣ የሚገድለው እሳቱ ነው። ክረምት ላይ ሰላጣውን ትቶ ጎመኑን መቀቀል ይሻላል።

ምጣድ መለሰች፦

በእንጀራ ፈንታ የተልባ ቂጣ። ተልባው በፍሬው ተገዝቶ፣ ተበጥሮ፣ ጣ ጣ እስኪል ብቻ ይቆላል፤ ከጠቆረ ይመርራል። የሚፈጨው ለሳምንት የሚበቃው ነው፣ የተፈጨ ተልባ ቶሎ ይበላሻል።

150 ግራም የተፈጨ ተልባ፣ 3 እንቁላል፣ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ። እንዲነፋ ቤኪንግ ፓውደር አትጨምሩ፤ ብዙው በቆሎ ስታርች አለበት፣ በበር ያስወጣችሁትን እህል በመስኮት ታስገባላችሁ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳና 1 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ይበቃል። አቡክታችሁ 10 ደቂቃ አስቀምጡት፤ ተልባው ውሃውን ጠጥቶ ካልተሳሰረ ስትገለብጡት ይፈረካከሳል። ለአራት ከፍላችሁ፣ በማያጣብቅ ምጣድ፣ በመካከለኛ እሳት፣ ከድናችሁ 5 ደቂቃ፣ ገልብጣችሁ 3 ደቂቃ። አራቱ ቂጣ አንድ ላይ፣ ፋይበሩ ሲቀነስ፣ ከ5 ግራም ካርቦሃይድሬት አይበልጥም። በመጀመሪያው ሳምንት በቀን ከአንድ በላይ አትስጧቸው፣ ውሃም በብዛት፤ ሆድ ካልለመደው ይነፋል ወይም ያደርቃል። ተልባው ሰውነት መድኃኒት የሚስብበትን ስለሚያዘገይ ከክኒኑ ጋር በአንድ ላይ አይወሰድ።

ለጾም እንቁላሉ ይወጣል፦ ለዚያው ተልባ 180 ሚሊ ሊትር ሙቅ ውሃና 50 ግራም ራሳችሁ ያስፈጫችሁት የሽምብራ ዱቄት፣ በቅቤው ቦታ ዘይት። ከፍስኩ ይሳሳል፣ ግን ይጠቀለላል። ሱፍ ፍትፍቱንም አትርሱ፤ ሱፉ ተቀቅሎ፣ ተፈጭቶ፣ ተጠልሎ በእንጀራው ፈንታ በተቀቀለ ጎመንና በቃሪያ ይፈተፈታል። ቡና ላይ ገብስ ቆሎና ፈንዲሻ ቀርቶ ሱፍ ወይም ኦቾሎኒ፤ ከኦቾሎኒው የተጨማደደውንና የጠቆረውን እየለቀማችሁ ጣሉ። አሳ ቤት ከገዛችሁ ከመጥበሳቸው በፊት በዱቄት እንደሚያለብሱት ጠይቁ።

ሚዛን መለሰ፦

«መድኃኒቱ ላይ ለውጥ የለም» ያላችሁትን አሁን ነው ያየሁት። አትጀምሩ፣ ቆዩ።

ሜትፎርሚን ለብቻው ስኳርን ከልክ በታች አያወርድም ማለት ይቻላል። ግሊቤንክላሚድ ግን ቆሽትን ኢንሱሊን አውጪ እያለ የሚገፋ ነው፤ ሰውየው በላም አልበላም ይገፋል። እስከዛሬ የታዘዘው መጠን እንጀራውን ታሳቢ አድርጎ ነው። እንጀራውን አውጥታችሁ፣ እስከ 9 ሰዓት አስጹማችሁ፣ ክኒኑን ጠዋት እንደ ወትሮው ብትሰጧቸው ከሰዓት ላይ ይወድቃሉ። ክኒኑንም በራሳችሁ አታቋርጡ። ለአንድ ሳምንት ባሉበት አመጋገብ ጠዋት በባዶ ሆድና ምግብ ከበሉ 2 ሰዓት በኋላ እየለካችሁ መዝግቡ፤ ወረቀቱን ክትትል የሚያደርጉበት ሐኪም ዘንድ ይዛችሁ ሂዱ፣ የሚወጣውን ምግብና የጾሙን ሰዓት ንገሩት። መጠኑን የሚቀንሰው ወይም መድኃኒቱን የሚቀይረው እሱ ነው።

ከጀመሩ በኋላ ላብ ካጠመቃቸው፣ ከተንቀጠቀጡ፣ ልባቸው በኃይል ከመታ ወይም ንግግራቸው ከተምታታ ወዲያው ለኩ። ከ70 (ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር) በታች ከሆነ፣ ወይም መለኪያው ቅርብ ካልሆነ፣ 15 ግራም ያህል ስኳር ይስጧቸው፦ 4 ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኩ፤ ካልወጣ ድገሙት። አቮካዶ ወይም ኦቾሎኒ አትስጧቸው፣ ቅባቱ ያዘገየዋል። ራሳቸውን ከሳቱ በአፍ ምንም አይግባ፣ ሐኪም ቤት ነው። የዚህ ክኒን ጉልበት እስከ 24 ሰዓት ስለሚቆይ ስኳሩ ከፍ ካለ በኋላም ምግብ ይብሉ፣ ሌሊቱንም አንድ ሰው ከጎናቸው ይደር።

ከዝርዝሩ አውጡት ያልኳችሁን ማርም አትጣሉት። አንድ የሾርባ ማንኪያው 17 ግራም ስኳር ነው ብዬ አልነበር፤ ለዚህ ቀን ልክ ነው። በአልጋቸው ራስጌ ይቀመጥ።